የቲሊ ክሌግ ፊት

ቲሊ ክሌግን በሲኒማ ያየ እንግሊዛዊ ስፍር ቁጥር የለውም። ስሟን የሚያውቅ ግን ብትፈልጉም አታገኙም። «ያቺ ቤት አከራይዋ»፣ «ያቺ ኮስታራዋ ነርስ»፣ «ያቺ ሥጋ ቤት ተሰልፋ የምትነጫነጨው» ይሏታል። እኔ ኮኒ ነኝ፤ ከለንደን ወጣ ብሎ ባለ የፊልም ስቱዲዮ የተዋናዮችን ፀጉር ስሠራ ነው ያረጀሁት። በእጄ ካለፈው ጭንቅላት ሁሉ የምወደው የሷን ነበር።

የተወለደችው በርንሊ ነው፣ ወደ ሰሜን። አባቷም እናቷም ሸማኔዎች ነበሩ፤ እሷም በአሥራ ሦስት ዓመቷ ፋብሪካ ገባች። እዚያ የሽመና መኪናው ጩኸት ሰውን ከሰው አያሰማም፤ ሴቶቹ የሚያወሩት ድምፅ ሳያወጡ፣ በከንፈርና በፊት ብቻ ነው። የማን ባል ሰክሮ እንደገባ፣ የማን ልጅ ሳታገባ እንዳረገዘች፣ ሐሜቱ ሁሉ ከአዳራሹ ጫፍ እስከ ጫፍ በዝምታ ይሄዳል። «ትያትር የተማርኩት እዚያ ነው» ትለኝ ነበር ቲሊ። «ቅንድብሽ ካልተናገረ የሚሰማሽ የለም።»

አንድ ክረምት ላይ ተዘዋዋሪ የትያትር ቡድን ከተማቸው ሲገባ፣ የገረድ ሚና የምትጫወተው ልጅ ታመመችባቸው። ቲሊ ለአንድ ሳምንት ልትተካት ገባች፤ ከዚያ ወዲያ ፋብሪካውን ዞራ አላየችውም። አባቷ ለዓመታት አኮረፋት። ወደ ፊልም ስትመጣም አንድ የስቱዲዮ ሰው ከላይ እስከ ታች ገረመማትና ጥርስሽ ይስተካከል፣ አነጋገርሽ ይታረም፣ ስምሽም ይቀየር አላት።

«ጥርሴን አስተካክሉት፤ መቼም ያመኛል» አለችው። «አነጋገሬን እንሞክራለን። ስሜ ግን የአባቴ ነው። ከሱ ጋር ገና አልታረቅንም፤ አሁን ብቀይረው ጭራሽ ይለይለታል።»

መልኳ ዞር ብለው የሚያዩት ዓይነት አልነበረም፤ ትልቅ ሚናም ሰጥቷት የሚያውቅ አልነበረም። እሷም አልጠየቀችም። አንድ የማትለቀው ልማድ ነበራት፤ ጠዋት መልበሻ ክፍል ስትገባ የጋብቻ ቀለበቷን አውልቃ ለእኔ ትሰጠኛለች፣ ማታ ስትወጣ መልሳ ታጠልቀዋለች። አንድ ቀን ለምን እቤት አታስቀምጪውም አልኳት።

«እስከዚህ በር ድረስ አብሮኝ እንዲመጣ ነዋ» አለች። «ከበሩ ወዲህ ያለው የነሱ ነው፤ ከበሩ ወዲያ ያለው የእኔ። ሁለቱን የቀላቀለ ሰው ሁለቱንም ሲያጣ አይቻለሁ።»

ከበሩ ወዲያ ያለው ዊልፍ ነበር፤ ባሏ። ዋትፎርድ ውስጥ ፖስታ አዳይ ሆኖ ኖሮ ልቡ ስለደከመ ያለጊዜው ጡረታ የወጣ፣ ዝምተኛ፣ ቀልዱ ሳይታሰብ የሚመጣ ሰው። ልጅ አልወለዱም። እኔ የምነግራችሁ ነገር በሆነበት ዓመት ክረምቱን ግማሹን ሆስፒታል ተኝቶ ነበር፤ ቲሊ ከቀረጻ ስትወጣ ሜካፗን እንኳ በወጉ ሳታጥብ ወደሱ ትሮጥ ነበር። ኋላ ተሽሎት ቤቱ ገባ።

በስድሳዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ቲሊ ሃምሳውን አልፋለች። ጁልያን ፔቨረል የሚባል፣ ሠላሳ ያልሞላው፣ ከትልቅ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ዳይሬክተር መጣና ዋናውን ሚና ለሷ ሰጣት። ታሪኩ በሰሜን ባሕር ላይ ስለጠፋ የዓሣ አጥማጆች ጀልባ ነው፤ ቲሊ ልጇ የሰመጠባት እናት ናት። ሁላችንም ደስ አለን። መብራት የሚሠሩት ልጆች አበባ ገዙላት፤ እሷም «ማን ሞተ?» ብላ ሳቀችባቸው።

ፔቨረል ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን አስቀድሜ ልበል። ነገር ግን «እውነት» የሚል ቃል አፉ ላይ ተለጥፎበት ነበር። ለወጥ ቤቱ ትዕይንት እውነተኛ ዓሣ አስመጥቶ ስቱዲዮውን አግምቶታል። ፊልሙም ጠቅላላ የቆመው በዚያ ወጥ ቤት ትዕይንት ላይ ነበር፤ እናትየዋ ሻይ ስትቀዳ ጎረቤቷ ገብቶ የልጇን ሞት ይነግራታል፤ ካሜራው ፊቷ ላይ ብቻ ይቆያል።

ጠዋቱን ሙሉ ሠሩት። በእያንዳንዱ ጊዜ ፔቨረል ራሱን ይነቀንቃል።

«ሚስ ክሌግ፣ እየተወኑ ነው» አላት በመጨረሻ።

«ታዲያ ልዝፈን?» አለችው።

ከላይ፣ መብራቶቹ ከተሰቀሉበት፣ ሳቅ ወረደ። ፔቨረል ጆሮው ድረስ ቀላ። ምሳ ሰዓት ላይ ከፕሮዲዩሰሩ ከሚስተር ጋርሳይድ ጋር ጥግ ይዞ ሲንሾካሾክ አየሁት። ጋርሳይድ ከረሜላ ከአፉ የማይለየው ወፍራም ሰው ነው፤ መጀመሪያ እምቢ እንደማለት አደረገው፤ ቆይቶ ሰዓቱን አየና ትከሻውን ሰበቀ።

ከምሳ በኋላ ቲሊ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ጋ ቆማ፣ የሻይ ጀበናውን በእጇ ይዛ፣ እኔ የፀጉሯን ማስያዣ ሹካ እያስተካከልኩ ነበር። ካሜራማኑ ፐርሲ ከሌንሱ ኋላ ጎንበስ ብሏል። ፔቨረል በቦታው የለም። የፔቨረል ረዳት ወረቀት የመሰለ ፊት ይዞ መጣ።

«ሚስ ክሌግ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። «ከሆስፒታል ተደውሎ ነበር። ባለቤትዎ . . .» ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። «ድንገት ነው አሉ። ሊያተርፏቸው አልቻሉም።»

እኔ ሹካው ከእጄ ወደቀ። ቲሊ አላለቀሰችም። አፏ ትንሽ ተከፈተ፤ በማታውቀው ቋንቋ ጥያቄ የጠየቋት ሰው መሰለች። ጀበናውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች ብዬ አሰብኩ፤ ጠረጴዛውን ስታው ኖሮ መሬት ወድቆ ተንኮታኮተ። ስብርባሪውን አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና መዳፏን ዘረጋች።

«ኮኒ፣ ቀለበቴን።»

ከኪሴ አወጣሁት። ሰጠኋት። ጣቷ ላይ ልታጠልቀው ሞከረች፤ አልገባ አላት፤ በግድ ገፍታ አስገባችው። «ሸሚዙን አልተኮስኩለትም» አለች፤ ለእኔም አልነበረም፣ ለማንም። «ጠዋት እንደተጨማደደ ለብሶት ቁጭ አለ። ስመለስ እተኩስልሃለሁ አልኩት።»

ኮቷን ልትፈልግ ዞረች። ያኔ ቀና አለች። ከፊት ለፊታችን የድምፅ ክፍሉ መስታወት አለ፤ ከመስታወቱ ጀርባ ፔቨረል የጆሮ ማዳመጫ አድርጎ ለጋርሳይድ እያወራ ነው። ድምፁ እኛ ጋ አይደርስም። የቲሊ ዓይን ከንፈሩ ላይ ተተከለ። ፊቷ ቀስ እያለ ሲዘጋ አየሁት፤ እንደ ሱቅ በር።

«ውሸት ነው» አለች በሹክሹክታ።

«ምኑ?»

«"አመነች" ነው ያለው። "አመነች፤ ካሜራው እንዳይቆም።"» ክንዴን ጨበጠችኝ፤ እስካሁን የሚያመኝ ይመስለኛል። «ሩጪ። ቤቴ ደውይ። በነሱ ቃል አላምንም፣ በዓይኔም አላምንም፤ ሩጪ!»

ኮሪደሩ ውስጥ ያለው ስልክ ጋ ደረስኩ። ደወልኩ። ይጮኻል፤ አይነሳም። የሆስፒታል ጠረን፣ ነጭ አንሶላ፣ የማይታሰብ ነገር ሁሉ በዓይኔ ሄደ። ደግሞ አሰብኩት፤ ቲሊ የሰውየውን ከንፈር ተሳስታ አንብባ ቢሆንስ? ዘግቼ ደግሜ ደወልኩ። ይጮኻል። ልተወው ስል ተነሳ።

«ሃሎ?» የሚያለከልክ የወንድ ድምፅ።

ማልቀስ ጀመርኩ።

«ማነው? ቲሊ ነሽ?»

«ኮኒ ነኝ። ዊልፍ . . . ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ። ጓሮ ሽንኩርት ስተክል ነበር፤ ሩጫው ነው ትንፋሽ ያሳጠረኝ። ምነው? ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነችም። ዛሬ ትቆያለች ልልህ ነው።»

«ታዲያ ለዚህ ነው የምታለቅሺው?» አለኝ።

ወደ ስቱዲዮው ተመለስኩ። ከሩቅ በከንፈሬ ብቻ «ደህና ነው» አልኳት። ቲሊ የወጥ ቤቱ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ወንበሩን ግራና ቀኝ ጨብጣ ጥቂት ቆየች። ፔቨረል ከድምፅ ክፍሉ ወጥቶ እየሮጠ መጣ፤ ዓይኑ ያበራል።

«ሚስ ክሌግ፣ ይቆጡኝ፣ ይሳደቡ፤ ግን ምን እንደሠሩ አያውቁም! ዕድሜ ልክዎን ሲፈልጉት የኖሩት ነገር ነው። ይህን ያየ ሰው እስኪሞት አይረሳውም።»

«ሞተ አላችሁኝ» አለች።

«ለሁለት ደቂቃ ብቻ ነው።»

«ለአንተ ነው ሁለት ደቂቃ። እኔ ቀብሬው መጣሁ።»

ቲሊ ተነሳች። «አሁን የቀረጻችሁት አይወጣም» አለች።

«አይሆንም» አለ ፔቨረል።

ጋርሳይድ በመሀል ገባ። በውሉ መሠረት በዚህ ግቢ ውስጥ የተቀረጸ ነገር ሁሉ የስቱዲዮው ንብረት ነው፣ አለ ከረሜላውን በጉንጩ እያንከባለለ። ውጭ ግቢው ውስጥ የተቀረጹትን ፊልሞች ወደ ማጠቢያ ቤት የሚወስደው መኪና ሞተሩን እንዳስነሳ ቆሟል። ሹፌሩ ጥሩምባውን ነፋ።

«ፐርሲ፣ ቆርቆሮውን አምጣ» አለ ጋርሳይድ።

ፐርሲ ፊልሙን ከካሜራው አውጥቶ፣ ሳይታጠብ ብርሃን ነክቶት እንዳይጠፋ፣ ቆርቆሮ ውስጥ አሽጎታል፤ ደረቱ ላይ ይዞታል፤ ግን አልተንቀሳቀሰም። ቲሊን ከጦርነቱ በፊት ጀምሮ ያውቃታል። «መብራት እንሞክር ብለውኝ ነው ካሜራውን ያስነሳሁት» አለ፤ ለጋርሳይድ አልነበረም።

«አውቃለሁ፣ የኔ ወንድም» አለችው ቲሊ። ከዚያ ወደ ሁለቱ ዞረች። «ትዕይንቱን አሁን እሠራላችኋለሁ። አንዴ። በሙያዬ። ከዚያ ያንን ታጠፉታላችሁ።»

«ካላጠፋነውስ?» አለ ጋርሳይድ።

«ኮቴን እለብሳለሁ። የቀረውን ፊልም ያለ እናት ጨርሱት።»

ጋርሳይድ እስከዚያ ቀን አንቱ ብሎ ነበር የሚያናግራት። «እንከስሻለን» አላት። «ክሱ ቤትሽን ያስሸጥሻል። ከዛሬ ወዲያ በዚህ አገር በር የሚከፍትልሽ ስቱዲዮ አይኖርም፤ ሰማሽ?»

«ሰማሁ። ሽመና አልረሳሁም።»

ያኔ ከላይ አንድ መብራት ጠፋ። ቀጥሎ ሌላው። አንድ በአንድ እየጠፉ ወጥ ቤቱ ድንግዝግዝ አለ። «እኛ ሻይ ልንጠጣ ነው ሚስተር ጋርሳይድ» አለ የመብራት ሠራተኞቹ አለቃ ከጨለማው ውስጥ። «ነገሩን ስትጨርሱ ጥሩን።»

መኪናው ደግሞ ጮኸ። ጋርሳይድ ፔቨረልን አየው። ፔቨረል ገርጥቶ ነበር፤ ግን ያንን ቆርቆሮ የሚያህል ነገር ማንም እንደማይሠራ እርግጠኛ ነበር፤ ያስታውቅበታል።

«ትሥራው» አለ። «ያኛውን የሚተካ ከሆነ ቆርቆሮውን በእጄ እከፍተዋለሁ። ካልተካው ግን ይሄዳል።»

«ማን ይፈርዳል?» አለ ጋርሳይድ።

«እሱ ይፍረድ» አለች ቲሊ፣ ፔቨረልን እያየች።

ፐርሲ «ቲሊ!» ብሎ ጮኸ። እኔም እጇን ያዝኩ። ከሌባ ጋር ተካሰሽ ሌባውን ዳኛ ማድረግ ምን ይሉታል? እሷ ግን ቀለበቷን አወለቀችና መዳፌ ውስጥ አስቀመጠችው። «ፀጉሬን አስሪው» አለችኝ። ማጅራቷ ላይ ያለው ላብ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል።

«ቲሊ፣ እምቢ ቢልስ?»

«ሹካውን ጥበቅ አድርጊው፤ ይወልቃል።»

መብራቱ በራ። ሌላ ጀበና መጣ። ጎረቤቱን የሚጫወተው ሽማግሌ ተዋናይ ቆቡን አውልቆ ገባና ጀልባዋ ጠፋች፣ የተረፈ የለም አለ። ቲሊ ሻይ እየቀዳች ነበር። መቅዳቷን አላቆመችም። ሻዩ የስኒው አፍ ድረስ ሞላ፤ ሊፈስ ሲል ጀበናውን ቀና አደረገችው። ክዳኑን ገጠመች። የሱፍ ማልበሻውን አነሳችና ጀበናውን አለበሰችው፤ ቆይቶ የሚገባ ሰው እንዳለ፣ እንዳይቀዘቅዝበት። «ተቀመጥ» አለችው ሽማግሌውን፤ «ረጥበሃል።» ከዚያ ወደ ካሜራው ስትዞር ፊቷ ላይ ዕንባ የለም፤ ከንፈሯ ብቻ ያለ ድምፅ ተንቀሳቀሰ። የልጅየውን ስም ነበር። ደግማ ጠራችው። የሚመልስላት እንዳለ ጠበቀች።

ፔቨረል ካሜራውን የሚያስቆመውን ቃል፣ «ከት»ን፣ አላለም። የካሜራው ድምፅ ብቻ ይሰማል። ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ነው በቀጭን ድምፅ «ከት» ያለው።

ሄዶ ቆርቆሮውን ከፐርሲ እጅ ወሰደ። ቲሊ ፊት ቆመ።

«ያኛው ይበልጣል» አላት።

«ይበልጣል» አለች ቲሊ። «እኔም አውቃለሁ። ግን ያኛው የእኔና የዊልፍ ነው።»

«ይተካዋል ወይስ አይተካውም?» አለ ጋርሳይድ። «መኪናው ሊሄድብን ነው!»

ፔቨረል ቆርቆሮውን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። ዓይኑ አንዴ ጀበናው ላይ፣ አንዴ እሷ ላይ ይሄዳል። ከዚያ ሳይናገር ወደ በሩ ሄደ፤ እኛም ተከተልነው። በቀጥታ ወደ መኪናው አመራ። ሹፌሩ እጁን በመስኮት ዘረጋለት። ሊሰጠው ነው ስል፣ እዚያው ፀሐይ ላይ ማሸጊያውን ቀደደውና ክዳኑን ከፈተ። ጥቅሉን ጫፉን ይዞ ሳበው፤ እየተንፏቀቀ ወጥቶ ጠጠሩ ላይ ተከመረ።

«አብደሃል እንዴ ሰውዬ?!» አለ ሹፌሩ።

ቲሊ በሩን ተደግፋ ቆማ ነበር። ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ያኔ አለቀሰች፤ ካሜራውን ሁሉም ረስቶታል።

ማታ ለዊልፍ ስትነግረው «እና ሞቼብሽ አላለቀስሽልኝም?» አላት አሉ። ከዚያ ሸሚዙን ራሱ ተኮሰ። ቲሊ ግን ለብዙ ሳምንት ሌሊት እየነቃች ትንፋሹን ታዳምጥ ነበር፤ ይህን የነገረችኝ እያፈረች ነው።

ፊልሙን ጨረሱት። አንድ ጋዜጣ የወጥ ቤቱን ትዕይንት አደነቀ፤ ሌላው ሴትዮዋ ቀዝቃዛ ናት አለ። ጋርሳይድም ዛቻውን አልረሳም፤ «አስቸጋሪ ናት» የሚል ወሬ ከቢሮ ቢሮ ዞረ፣ ስልኳም ዝም አለ። ቲሊ ዋትፎርድ ኬክ ቤት ሻጭ ሆና ገባች። ደንበኞቿ «የት ነው የማውቅሽ?» ሲሏት «እዚሁ፤ ትናንት ዳቦ ሸጬልሻለሁ» ትላቸዋለች።

በሁለተኛው ዓመት ፔቨረል ራሱ መጣ። ቅዳሜ ነው፣ ሰልፉ በሩን አልፏል። ተራውን ጠብቆ ደረሰና አዲስ ፊልም እንዳለው፣ ያለሷ እንደማይሠራው ነገራት።

«መጀመሪያ ይቅርታ በለኝ» አለችው።

«ይቅርታ፣ ሚስ ክሌግ።»

«አልሰማሁም።»

«ይቅርታ!» አለ ጮክ ብሎ። ከኋላው የተሰለፈች ሴትዮ «ምን አድርጓት ነው?» ብላ ጎኗ ያለችውን ጠየቀች።

ቲሊ እሺ አለችው፤ ከእኔ የምትፈልገውን ሁሉ ዓይኔን እያየህ ንገረኝ፣ የምስማማ እንደሆነ እሺ እላለሁ፣ የማልስማማ እንደሆነ አይሆንም እላለሁ ብላ። እኔ ተናደድኩባት። እንዴት ከሱ ጋር ትሠሪያለሽ አልኳት።

«ዓይን አለው፤ ጠጠሩ ላይ ያንን ሲጎትት አላየሽም? የጎደለው አስተዳደግ ነው» አለችኝ። «አስተዳደግ በትልቅነትም ይማሩታል። ዓይን ግን ከየትም አይገዛም።»

ሁለት ፊልም አብረው ሠሩ፤ እየተጨቃጨቁ። ዊልፍ ሁለተኛውን ሳያይ አረፈ፤ እንቅልፍ ላይ ነው፣ እሷ አጠገቡ ሆና። ያን ዓመት ሥራ አልተቀበለችም። በኋላ ወደ አከራይነቷና ወደ ነርስነቷ ተመለሰች።

መጨረሻ የሠራችው የቴሌቪዥን ቀልድ ነበር፤ ሰባ አልፏታል። መልበሻ ክፍል ስንገባ አንዲት ወጣት ተዋናይት መስታወት ፊት ተደፍታ ትነፋረቃለች።

«ምን ሆንሽ የኔ ልጅ?» አለቻት ቲሊ።

«ዳይሬክተሩ ጮኸብኝ። ውስጥሽን ክፈችልኝ ይለኛል።»

«አንኳኩቶ ነው?»

ልጅቱ ቀና ብላ አየቻት፤ ገና እያለቀሰች ሳቅ አመለጣት። ቲሊ ከቦርሳዋ የአይብ ሳንድዊች አወጣች፣ ለሁለት ገመሰችው፣ ትልቁን ግማሽ ሰጠቻት። «ብዪ» አለቻት። «በባዶ ሆድ እንኳን ሊከፈት ሊዘጋም አይችልም።» ቲሊ የራሷን ገና ሳትጎርስ ስሟን ጠሩ። የነበራት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ፍርፋሪውን ከቀሚሷ አራገፈች፣ ቀለበቷን ሰጠችኝና ወጣች።